ፋጉሎ ለእማዬ

ያ ክረምት በጠቅላላው ሠላሳ ሰባት ብይ፣ አራት የቆርኪ ጎማ ያላት አንዲት የሽቦ መኪና እና በሰፈሩ ልጆች ዘንድ የነበረኝን ስም አስወጥቶኛል። ብዩም መኪናዋም በኋላ ተተክተዋል። ስሙ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ሰበታ ገበያ ውስጥ ዛሬም «ሞግዚቱ» ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። እኔ የከብት መኖ ነጋዴ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከዘይት መጭመቂያ ገና የወጣ የኑግ ፋጉሎ መጣልኝና አንዱን ጆንያ ስፈታ ሽታው ፊቴን መታኝ። ፋጉሎን ለማያውቅ ሰው፣ ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ቂጣ ነው፤ ላም ትወደዋለች። ሽታው ያረረ ዘይትና የቆየ ቆሎ ነው። ለእኔ ግን የፋብሪካ በር፣ የረጠበ ነጠላና የሕፃን አናት ይሸተኛል። ደንበኛዬ «በባለፈው ዋጋ ትሰጠኛለህ?» ሲለኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰውየው ዋጋው አንሶብኝ ዝም ያልኩ መሰለውና ራሱ ጨመረ። ትዝታ አንዳንዴ እንዲህ ያዋጣል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን እማዬ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ክር ፋብሪካው ተመለሰች። እህቴ ሲፈን ሦስት ወሯ ነው። አባዬ ዱከም ግንባታ ላይ ስለሚሠራ ቅዳሜ ማታ መጥቶ እሁድ ማታ ይሄዳል። እንግዲህ ቤት የቀረ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሥራውም እኔ ላይ ወደቀ። ሲፈንን እጠብቃለሁ፣ አራት ሰዓት ሲሆን አዝዬ ፋብሪካው በር እወስዳታለሁ፣ ጠብታ ስትጨርስ እመልሳታለሁ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ እንደገና። በመሀል አከራያችን አዴ ቀነኒ በአጥሩ ቀዳዳ «ምነው ዝም አለች?» ይላሉ። ስታለቅስ ደግሞ «ምነው አለቀሰች?» ይላሉ። ሲፈን ለእሳቸው የሚስማማ ድምፅ አልነበራትም።

የሰበታ የሐምሌ ጭቃ ጫማ ይወስዳል እንጂ አይመልስም። በባዶ እግር መሄድ ይቀል ነበር፤ እማዬ ግን «ብትወድቅ እህትህን ይዘህ ነው የምትወድቀው» ብላ ጫማዬን በገመድ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር ታስርልኝ ነበር። ሲፈን ጀርባዬ ላይ ሆና አንገቴ ሥር ትተነፍሳለች። ሙቅ፣ እርጥብ፣ የወተት ሽታ ያለው ትንፋሽ ነው። እንቅልፍ ሲወስዳት ክብደቷ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

ብይ የምጫወተውም እሷን አዝዬ ነው። ለማነጣጠር ሳጎነብስ አብራኝ ታጎነብሳለች። አንድ ቀን ቶላ፣ የዘይት መጭመቂያው ቤት ልጅ፣ ሊያሸንፈኝ ደርሶ ሳለ ሲፈን በትከሻዬ ላይ አሻግራ የጠባችውን ሁሉ እጁ ላይ ለቀቀችበት።

«ይሄ ፎርፌ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሞግዚት! ከሞግዚት ጋር አንጫወትም!»

ስሙ የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

የፋብሪካው በር ዘበኛ ኦቦ ዲሪባ ነበሩ። ረጅም ካፖርት ለብሰው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ፉሪ በኩል መሬትና ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ጠዋት አልበው ነው ሥራ የሚገቡት። ወሬያቸው ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ሙሉው ስለ ላም ነበር።

«ጉርባ፣ ኮቱ!» ይሉኛል ከሩቅ። «ና አንተ ልጅ! ዕቃው ደህና ነው?»

ዕቃው ሲፈን ናት።

«ደህና ናት፣ ኦቦ ዲሪባ።»

«እግሯ ወጥቷል፣ ሸፍነው። ብርድ በእግር ነው የሚገባው። በዚህ በር እንደሆነ እኔን አልፎ አይገባም።»

ደወል ሲደወል የሚያጠቡት እናቶች ከሌላው ሠራተኛ ቀድመው ይወጣሉ። አምስት ስድስት ይሆናሉ። አጥሩ ጥግ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ብሎኬት ላይ ይደረደራሉ። ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ስላለ ጠዋት ወጣት ሆነው ገብተው አርጅተው የወጡ ይመስላሉ። እማዬ ቅንድቧን በእጅጌዋ ጠርጋ ሲፈንን ከጀርባዬ ስትፈታ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር።

«ምሳ በላህ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ምሳዬን ጠዋት ከድና ትታልኝ ነው የምትሄደው። እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እጨርሰዋለሁ። የሚቆይበት ምክንያት አልታየኝም፤ ምግብ ቢቀመጥ አይወልድም። በዚያ ሰዓት የተበላ ነገር ቁርስ ነው ብዬ ራሴን ስላሳመንኩ «አልበላሁም» እላለሁ።

«እንካ፣ ብላ» ትለኛለች ምሳ ዕቃዋን እየሰጠችኝ። «እኔ ጠግቤያለሁ።»

አምኛት ነበር። ለምን አላምናትም? ከፋብሪካው ጣሪያ ላይ ረጅም የጭስ ማውጫ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያጨሳል። ያን ያህል የሚያጨስ ቤት ውስጥ ወጥ እንጂ ሌላ ምን ይሠራል? እኔ እንደገመትኩት ውስጡ የትየለሌ ድስት ተጥዷል፣ ሠራተኛውም ክሩን የሚፈትለው በጉርሻና በጉርሻ መሀል ነው። እማዬ ምሳ ዕቃ የምትይዘው ለእኔ ብላ ብቻ መሆኑ ግልጽ ነበር። ሲፈን ስትጠባ አጠገባቸው ስቀመጥ የእማዬ ሆድ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። እሱንም በራሴ መንገድ ፈትቼዋለሁ። ወተቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ልክ እንደ ቧንቧ። ድምፁ በበረታ ቁጥር «ዛሬስ ሲፈን ጠገበች» እያልኩ ከእማዬ ምሳ ዕቃ ሥር የቀረችውን ሽሮ በጣቴ እጠርግ ነበር።

የጤና ጣቢያው ሚዛን እንደ ሥጋ ቤት ሚዛን ከላይ የተንጠለጠለ ነው። ሜንጦው ላይ ሁለት የእግር ቀዳዳ ያለው የሸራ ሱሪ አለ፤ ሕፃኑን እዚያ ውስጥ ከትተው ይለቁታል። ሐምሌ መግቢያ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሲፈንን ልንሸጣት መስሎኝ የእማዬን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ። ነርሷ «አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ» ብላ ቢጫ ካርድ ላይ ነጥብ አደረገች። ከዚያ ልጅቷን መልሳ ሰጠችን። በዋጋ አልተስማሙም ብዬ እፎይ አልኩ።

ሁለተኛው ምዘና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። ነርሷ ቀስቱን አየች፣ ሚዛኑን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ እንደገና አየች።

«አምስት ኪሎ። በወር መቶ ግራም ብቻ?» ያለፈውን ነጥብና የዛሬውን በመስመር አገናኘቻቸው። ሽቅብ መውጣት የነበረበት መስመር ጋደም ብሏል። «አሟት ነበር? ትኩሳት፣ ተቅማጥ?»

«ኧረ ምንም» አለች እማዬ።

«ትጠባለች?»

«ካገኘችኝ አትለቀኝም።»

«አንቺስ? ምን ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«‹እበላለሁ› የሚባል ምግብ የለም፣ እህቴ። ዛሬ ምን በላሽ?»

እማዬ የሲፈንን ካልሲ ማድረግ ጀመረች፤ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አለበሰችው።

«ስሚኝ» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የምታጠባ ሴት ቶሎ ቶሎ ነው የሚርባት፤ እንዳያሳፍርሽ። ከወትሮሽ አንድ ሁለት ጊዜ ጨምሪ። በአንዴ ብዙ ካልሆነልሽ በትንሽ በትንሹ። ሽሮውንም፣ ባቄላውንም፣ ጎመኑንም፣ እንቁላል ካገኘሽ እንቁላሉንም። ባጠባሽ ቁጥር ውሃ ጠጪ። ቤት ስትገቢ ደግሞ እንደልቧ ትጥባ። ነሐሴ መጨረሻ አምጫት። ያኔም እንዲህ ከሆነች ለሌላ ምርመራ ወደ ሆስፒታል እንልካታለን።»

እማዬ ካርዱን ሁለት አጠፈችው፣ አራት አጠፈችው፣ ጡቷ ሥር ከተተችው። መንገዱን ሁሉ ጭቃ ውስጥ ስገባ እንኳ አልተቆጣችኝም። ይሄኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ።

ቅዳሜ አባዬ ሲመጣ በር ላይ ብይ የምቆጥር መስዬ ሰማኋቸው።

«በነሐሴ ካልጨመረች ሥራውን እለቃለሁ» አለች እማዬ። «ጫንጮ እናትህ ጋ እንገባለን።»

«የቤት ኪራዩስ? የታዴ ትምህርትስ?» አለ አባዬ፤ ታዴ እኔ ነኝ።

«ልጅቷ እያለቀች ትምህርት ምን ያደርግልኛል? ቀጭን ናት እኮ! ገላዋን ሳጥባት የጎኗ አጥንት ይቆጠራል።»

አባዬ ሲፈንን አንስቶ በሁለት መዳፉ ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረጋት፣ ሲሚንቶ እንደሚለካ ሰው። ደስ ያለው አይመስልም።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ልማዴ «አልበላሁም» ብዬ ምሳ ዕቃውን ከፍቻለሁ። አጠገባችን መሰለች ተቀምጣለች። መሰለች ከወላይታ የመጣች፣ ከእማዬ ጎን ያለው ማሽን ላይ የምትሠራ ሴት ናት፤ ስድስት ወር የሞላው ወንድ ልጅ አላት፤ ጉንጩ ዓይኑን ሊዘጋው ደርሷል። እያጠባች አፍጥጣ አየችኝ።

«አንተ ታዴ፣ ይሄ ስንተኛ ምሳህ ነው?»

«የመጀመሪያ።»

«በጌታ! ዋሽተህ ስትውጥ አያንቅህም?»

«ተይው እንጂ መሰለች፣ ልጅ ነው» አለች እማዬ።

«ልጅማ ነው። ሁለት ምሳ የሚበላ ልጅ ነው! አፉን እይው፣ ጠዋት የበላው ሽሮ ገና አልደረቀም።» ወደ እኔ ዞረች። «እናትህ ከማለዳ ጀምሮ ሆዷ የገባው አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ማሽኑ ላይ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ዕለት ክር ስትቀጥል ሦስቴ በጠሰችው።»

«ውስጥ ትበላ የለ እንዴ?» አልኩ። «ወጥ ቤቱ...» ጭሱን አሳየኋት።

መሰለች ጭሱን አየች፣ እኔን አየች።

«እዚያ የሚፈላው የክር ማቅለሚያ ነው፣ ወንድሜ። ከዚያ የበላ ሰው ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው።»

«ሆዷስ? ወተቱ ሲወርድ...»

«ራብ ነው። ራብ እንዲያ ነው የሚጮኸው። አንተ ሰምተኸው ስለማታውቅ ነው።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ሁሉንም ቆጠርኩ፤ ከሐምሌ መጀመሪያ አንስቶ እሁድ ሲቀር በየቀኑ አንድ የእማዬ ምሳ። መስመሩ የተኛው እኔ ተኝቼበት ነው። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ግማሽ እንጀራ ቀርቷል።

«ብዪ።»

«እጄ ተይዟል፣ እሷን ልጨርስና።»

እሷን ሳትጨርስ ደወሉ ተደወለ። እማዬ ምሳ ዕቃውን ለእኔው መልሳ ሰጠችኝና እየሮጠች ገባች።

ኦቦ ዲሪባ ዱላቸውን ተደግፈው ሁሉንም ሲያዩ ቆይተዋል።

«አየህ ጉርባ» አሉኝ። «የእኔ ቡሬ ስትታለብ ፊቷ ፋጉሎ ከሌለ ወተቷን ትይዛለች። አንዳንድ ሞኝ ‹መጀመሪያ ታለቢ፣ ከዚያ ትበያለሽ› ይላታል። እግሯን አንስታ ባልዲውን ትለዋለች። ላም እየበላች ነው የምትታለበው። ሃቲ ኬ፣ እናትህ፣ በባዶ አፏ ነው የምትታለበው። ወተቱ ከየት ይምጣ? ከጥጡ?»

ሌላ ልጅ ቢሆን ይሄን እንደ ጨዋታ ይሰማው ነበር። እኔ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ሲፈንን አዝዬ የቶላ አባት ዘይት ቤት ሄድኩ። ቶላ ከመጭመቂያው ሥር የወደቀውን ፍርፋሪና ቁራጭ ጠርጎ ለራሱ እንዲሸጥ ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ ከሁላችንም ቀድሞ ባለሀብት ሆኗል።

«ፋጉሎ እፈልጋለሁ።»

«ላም አላችሁ እንዴ?»

«ምን አገባህ?»

«አምስት ብይ።»

«ሦስት።»

«ሞግዚት አምስት ነው የሚከፍለው።»

አምስት ከፍዬ የሲፈንን ጭንቅላት የሚያክል ገዛሁ። ሰው ሊበላው መቻሉን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩት። እስከ ማታ ጥርሴ ጥቁር ሆኖ ዋለ። እህል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ለሰው ካልተናገሩ።

በማግስቱ እማዬ ሲፈንን ጡቷ ላይ እንዳደረገች ፌስታሉን ፈትቼ ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«ፋጉሎ።»

«ለማን?»

«ለአንቺ። እሷ ስትጠባ አንቺ ብዪ። ያለዚያ ወተትሽን ትይዣለሽ። ኦቦ ዲሪባ ናቸው ያሉት።»

ኦቦ ዲሪባ ፊሽካቸው ከአፋቸው ወደቀ። የብሎኬቱ ሴቶች በሙሉ ወደ እኛ ዞሩ።

«ላም ነኝ እንዴ፣ ታዴ?»

«አይደለሽም» አልኩ በሐቅ። «አንቺ እግርሽን አታነሺም።»

መጀመሪያ የሳቀችው መሰለች ናት፤ ልጇ ደንግጦ ጡቱን ለቀቀ። ከዚያ ሁሉም። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ የጥጡን ብናኝ እያጠበ መስመር ሠራ። ሲፈን ጡቱ ከአፏ እየወጣ ስላስቸገራት ተናዳ ጮኸች። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። አምስት ብይ አውጥቻለሁ።

«ቆይ ግን» አለች መሰለች ዓይኗን እየጠረገች። «ልጁ ግማሹን እኮ አግኝቶታል። የተያዘው እጅሽ ነው እንጂ አፍሽ አይደለም። አንተ፣ ያን ምሳ ዕቃ ክፈትና አጉርሳት!»

ጉርሻ ተቀብዬ እንጂ ሰጥቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ ሆነ፤ ሽሮው በአገጯ ወረደ፣ ጉንጯ ተነፋ። ልትቆጣኝ ፈልጋ ድምፅ አልወጣ አላት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ተናጋሪ፣ እማዬ ሰሚ ሆንን። «አኝኪ፣ ቀስ በዪ፣ ውሃም አለ» አልኳት። ደወሉ ሲደወል ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር፤ ሲፈንም አንዱን ጡት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ዞራለች።

ኦቦ ዲሪባ ፋጉሎውን ከመሬት አነሱ። «ይሄን እኔ እወስደዋለሁ፣ ቡሬ ትበላዋለች።»

«በነፃ?» አልኩ።

ቆም ብለው አዩኝ። «ሂ! ነጋዴ ነህ ለካ! ምን ትፈልጋለህ?»

«ከወተቷ።»

በበነጋው የለስላሳ ጠርሙስ ሙሉ ወተት አመጡልኝ። አዴ ቀነኒ አፈሉት፣ ከአጃ ዱቄት ጋር አጥሚት አደረጉት፣ በፔርሙዝ ይዤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ለእናቴ ልሰጣት የገዛሁትን ለላም ሰጥቼ፣ ከላሟ ያገኘሁትን ለእናቴ ሰጠሁ። ዛሬ ድረስ ከዚያ የተሻለ ንግድ አልነገድኩም። ቶላ ፋጉሎው ተፈላጊ መሆኑን ሲያውቅ ዋጋውን ከአምስት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ስምንት አወጣው። ብዩ ሲያልቅ የሽቦ መኪናዋን ወሰደ። ለማን እንደሆነ ነግሬው አላውቅም። እሱ ግን ስለ ጉርሻው ሰምቶ ኖሮ «ሞግዚት፣ ስንት ልጅ ነው ያለህ? ትንሿንም ትልቋንም ታበላለህ አሉ!» እያለ ሰፈሩን አሳቀብኝ።

ነገሩ አንዴ ከታወቀ በኋላ እማዬ መደበቅ አልቻለችም። መሰለች ጎደሬ ቀቅላ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሳ ታመጣለች። «ብዪ፣ የእኔን ልጅ ጉንጭ እዪ፣ በዚህ ነው የቆመው።» እማዬም ጠዋት ከመውጣቷ በፊት በሶ በጥብጣ መጠጣት፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ መያዝ ጀመረች። ቆሎውን ማሽኑ ላይ ስትቆረጥመው ድምፁ ስለማይሰማ ተቆጣጣሪው አልደረሰባትም። ማታ ቤት ስትገባ ምጣድ ከመጣዷ በፊት ቁጭ ብላ ታጠባለች፤ እኔ ውሃ አቀብላለሁ፣ ጎመን ካለ አጎርሳለሁ። እጄ ለመደ። ትንሽ፣ ጠበቅ ያለች፣ ከሁለት ጎን የታጠፈች ጉርሻ።

በዚህ መሀል ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። እማዬ ፍልሰታን ጾማ እንጂ በልታ አታውቅም። እኔም በዚያ ዓመት እስከ ስምንት ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። ዋዜማው ላይ «እንግዲህ ወተቱ ይቅር፣ ምሳውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» ስትል ሰማኋት። ሲፈንን አዝዬ በቀጥታ የነፍስ አባታችን ቤት ሄድኩ፤ ምሳው፣ ሚዛኑ፣ ላሟ፣ ሳልነግራቸው ያስቀረሁት የለም። ማታውኑ ቤታችን መጡ። ሲፈንን ባረኳትና እግሯን በሁለት ጣታቸው ለኩት።

«ለመሆኑ ይቺን ጠይቀሻታል?» አሏት እማዬን።

«ምኑን አባ?»

«ጾሙን። አንቺ ብትጾሚ የምትራበው እሷ ናት። ሕፃን ልጅ ማን ጹሚ አላት? ሌላው ይጹም፤ አንቺ ብዪ፣ አጥቢ፣ ጸልዪ። ይሄንን ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፤ ሰው ቢጠይቅሽ እኔን ጥሪ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ጾመኛ ነህ አሉ። በርታ።»

መበርታቱ እንዲህ ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አዴ ቀነኒ ራሳቸው እየጾሙ በየሁለት ቀኑ ለእማዬ ጨጨብሳ ይሠሩላታል፤ ትኩስ ቂጣ ተቆራርሶ፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ ጠግቦ። እሱን ይዤ፣ ሲፈንን አዝዬ፣ በባዶ ሆዴ በጭቃ ውስጥ እሄዳለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ ጣቴ እያነሳሁ አጎርሳለሁ። ቅቤው ጣቶቼን አልፎ ወደ ክንዴ ይወርዳል። እኔ የማልልሰው እጅ ባለቤት ሆንኩ።

«ታዴ፣ ምነው ፊትህን አዞርክ?» ትለኛለች እማዬ።

«ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ።»

«ሽታ ዓይን ያቃጥላል እንዴ?»

«የጨጨብሳ ያቃጥላል» አሉ ኦቦ ዲሪባ ከበሩ። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዙረዋል።

በአምስተኛው ቀን ተሸነፍኩ። እማዬ ሲፈንን ስታስገሳ አውራ ጣቴን ላስኩ። አንዴ ብቻ። በሕይወቴ የቀመስኩት ትልቁ ምግብ እሱ ነው፤ ሙሉ ምሳ እንኳ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ወዲያው ደነገጥኩና ለኦቦ ዲሪባ ተናዘዝኩ።

«ጣት ምግብ አይደለም» አሉኝ ካሰቡ በኋላ። «ግን ደግመህ አታድርገው። እኔም ሽታው እየፈተነኝ አለሁ።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እማዬ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ጤና ጣቢያ ሄድን። ስንወጣ መሰለች «ጸልዬበታለሁ፣ ሂዱ» አለች። ኦቦ ዲሪባ ግን ሲፈንን ክንዳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው መዘኗትና «ይሄ ሌላ ዕቃ ነው» አሉ።

ወረፋው ረጅም ነበር። እማዬ ካርዱን አውጥታ በጭኗ ላይ ታስተካክለዋለች፣ እጥፋቱ ግን አልጠፋም። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁና «ራበሽ?» አልኳት።

«አይ። ይሄኛው ሌላ ነው።»

ተራችን ደረሰ። ነርሷ የሲፈንን ልብስ አውልቃ ሸራ ሱሪው ውስጥ ከተተቻት። ሲፈን ተንጠልጥላ ዙሪያዋን አየች፣ አንድ እግሯን አንስታ ወረወረች፣ ከዚያ በረጅሙ ሸናች፤ በሱሪው፣ በነርሷ ጫማ፣ በወለሉ ላይ።

«ኧረ ቀስቱን እዪልኝ፣ እህቴ!» አለች እማዬ። «ከሽንቷ በፊት የነበረውን!»

«ሽንት አልመዝንም» አለች ነርሷ እየሳቀች። ሱሪውን ጠርጋ፣ ቀስቱ እስኪቆም ጠበቀች። እኔ ቁጥር አነባለሁ፤ ግን አላየሁም፣ ወለሉን ነበር የማየው። መጀመሪያ የሰማሁት የእስክሪብቶውን ድምፅ ነው፤ ካርዱ ላይ ረጅም መስመር ሲሰመር። ቀና ስል መስመሩ ሽቅብ ሄዷል። እማዬ ሲፈንን ከነእርጥበቷ ታቅፋ ቁጭ አለች።

«ምን እየበላሽ ነው?» አለቻት ነርሷ።

እማዬ ጀመረችና ሳትጨርስ ቀጣዩ ሰው ተጠራ።

የነሐሴ መጨረሻ ውጤት ይሄ ነው። ሲፈን አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። እማዬ ሥራዋ ላይ ናት፣ በቀን አምስት ጊዜ ትበላለች። እኔ ምሳ የምበላው አንድ ጊዜ ነው።